የድሮ ፕሪአምፕ ላይ አዲስ ኦፕአምፕ፡ እየሠራሁ የያዝኩት ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

አንድ ትንሽ ስቴሪዮ ፕሪአምፕ (ከአምፕ በፊት ሲግናሉን የሚያጎላ ሳጥን) አለኝ፣ ድሮ ባለ ቀዳዳ ቦርድ ላይ የገጣጠምኩት፣ ውስጡ ያለው ቺፕ አንድ ቲኤል072 የሚባል ኦፕአምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) ብቻ ነው። መግቢያው ላይ 100ኬ (100 ኪሎኦም) ቮልዩም ፖት (ድምፅ መቀነሻ ማዞሪያ) አለ፣ ከፖቱ ቀጥታ ወደ ኦፕአምፑ ፕላስ እግር ይገባል፣ ፊድባኩ (ከመውጫው ወደ ማይነስ እግር የሚመልሱት ሬዚስተሮች) 100ኬ እና 22ኬ ስለሆነ ጌይኑ (የሚያጎላበት እጥፍ) 5.5 ገደማ ነው። አልተበላሸም፣ ይሠራል። ግን አሁን የገጠምኩት ስፒከር በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ የሚያወጣ አይነት ስለሆነ ዘፈኑ ሲያልቅ ሽሽሽሽ የሚለው ነገር ቁልጭ ብሎ ይሰማል፣ ማታ ሰው ሲተኛ ደሞ ይብሳል።

ለዚህ ሁሉም ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ያው አንድ ነው፣ ቲኤሉን ንቀልና አዲስ ኦፕአምፕ ሰካ። ሶኬት ላይ ስላለ መንቀሉም መሰካቱም ቀላል ነው። እጄ ላይ ኤንኢ5532፣ ኦፒኤ1612 እና ኦፒኤ1656 አሉ (ሁለቱ ኦፒኤዎች ትንንሽ ስለሆኑ ሶኬቱ ላይ እንዲሰኩ አዳፕተር ላይ የተበየዱ ናቸው)። ሁሉም በአንድ ቺፕ ሁለት ኦፕአምፕ የያዙ ናቸው፣ የእግራቸው አቀማመጥም አንድ ነው (1 እና 7 መውጫ፣ 2 እና 6 ማይነስ፣ 3 እና 5 ፕላስ፣ 4 ኔጌቲቭ ፓወር፣ 8 ፖዘቲቭ ፓወር)። እኔ ግን ቺፕ ከመንቀሌ በፊት ወረቀትና ካልኩሌተር አወጣሁ፣ ሽሽታው ከቺፑ ይምጣ ከሌላ ቦታ ገና ሳይታወቅ ቺፕ መቀያየር ትርጉም የለውም።

እዛው ማታ፣ ስሌቱ

ሬዚስተር ራሱ ኖይዝ ያወጣል። ማንም ሳይነካው፣ ከሙቀት ብቻ። 1ኬ ሬዚስተር በክፍል ሙቀት ላይ 4 ናኖቮልት በሩት ኸርትዝ ያወጣል (ከዚህ በኋላ ናኖቮልት ካልኩ ይቺኑ ማለቴ ነው፣ በየመስመሩ "በሩት ኸርትዝ" እያልኩ አልጽፍም)። ሬዚስተሩ 100 እጥፍ ሲሆን ኖይዙ 10 እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚ 100ኬ 40 ናኖቮልት ነው። ኦፕአምፑ ደሞ በራሱ ሁለት አይነት ኖይዝ አለው። አንዱ የቮልቴጅ ነው፣ ዳታሺቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚጻፈውና ሁሉም የሚያወራለት። ሌላኛው የከረንት ነው፣ ማንም አያየውም፣ ብቻውን ምንም አያደርግም ግን እግሩ ላይ ትልቅ ሬዚስተር ካገኘ በሱ ተባዝቶ ቮልቴጅ ሆኖ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ በቀጥታ አይደለም፣ እያንዳንዱን ስኩዌር አድርጎ ደምሮ ሩቱን መውሰድ ነው፣ ስለዚ ትልቁ ሁሌ ትንንሾቹን ይውጣቸዋል።

የኔ ሰርኪት ላይ እንየው። ፖቱ ሲግናሉን በግማሽ ሲቀንስ ኦፕአምፑ የሚያየው የ100ኬ ሩብ ነው፣ 25ኬ፣ ያ 20 ናኖቮልት። ፊድባኩ ላይ 100ኬ እና 22ኬ ፓራለል ሲሆኑ 18ኬ፣ ያ 17 ናኖቮልት። ቲኤል072 ራሱ 18 ናኖቮልት፣ ጄፌት መግቢያ (ከረንት የማይስብ ማለት የሚቻል የትራንዚስተር አይነት) ስላለው የከረንት ኖይዙ እዚህ ግባ አይባልም። ድምሩ 32 ናኖቮልት መጣ። በሉ እንግዲህ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሬዚስተሮች ናቸው።

አሁን ቺፑን ብቻ ብቀይርስ? ኤንኢ5532 የቮልቴጅ ኖይዙ 5 ናኖቮልት ብቻ ነው ግን የከረንቱ 0.7 ፒኮአምፒር ስለሆነ በ25ኬ እና በ18ኬ ሲባዛ ሌላ ኖይዝ ይወልዳል፣ ድምሩ 34። ማለት ከቲኤሉ አይሻልም፣ እንዲያውም ትንሽ ይብሳል። ኦፒኤ1612 ላይ ደሞ የባሰ አለ። 1.1 ናኖቮልት ነው እኮ የሱ፣ ከሁሉም ዝምተኛው እየተባለ የሚወራለት፣ ግን የከረንት ኖይዙ 1.7 ፒኮአምፒር ነው፣ በ25ኬ ተባዝቶ ብቻውን 42 ናኖቮልት፣ ሁሉም ሲደመር ወደ 58። ከድሮው ቲኤል በ5 ዲቢ (ዴሲቤል) የባሰ ማለት ነው! ኦፒኤ1656 ሲሞስ (እሱም እንደ ጄፌት ፌት መግቢያ ያለው) ስለሆነ የከረንት ኖይዝ የለውም ብንል ይቀላል፣ ቮልቴጁ 1 ኪሎኸርትዝ ላይ 4.3፣ ድምሩ 27። ይሻላል፣ ግን 1.6 ዲቢ ገደማ ብቻ ነው፣ ጆሮ ለመስማት የሚቸገረው ልዩነት።

ወረቀቱ የሚለው ይሄን ነው፣ ሬዚስተሮቹ እዛው እያሉ የትኛውም አዲስ ቺፕ ሽሽታውን አያጠፋም።

ማክሰኞ

ለማንኛውም ስሌቱን በጆሮና በስኮፕ ማየት ስለፈለግኩ ቺፖቹን በየተራ ሰካኋቸው። ኤንኢ5532 እንደተባለው ያው ነው፣ ሽሽታው አልተነቃነቀም፣ ግን አዲስ ነገር መጣ፣ ፖቱን ሳዞረው ክርክር ማለት ጀመረ። ፖቱ አሮጌ ስለሆነ አይደለም። ኤንኢ5532 በመግቢያው 200 ናኖአምፒር ገደማ ባያስ ከረንት ይስባል፣ ዲሲውን የመግቢያው ካፓሲተር ስለሚያግደው ያ ከፖቱ መሃል ወደ ግራውንድ ባለው 50ኬ ውስጥ ብቻ ሲያልፍ 10 ሚሊቮልት ዲሲ ይፈጥራል፣ ፖቱ ሲዞር ይሄ ዲሲ ከፍ ዝቅ ሲል ኦፕአምፑ አጉልቶ ያሰማዋል። ቲኤሉ የሚስበው ፒኮአምፒር ስለሆነ እዛ ላይ ዝም ነበር። ኦፒኤ1612ም እንደ ኤንኢ5532 ባይፖላር (መግቢያው ከረንት የሚስብ የትራንዚስተር አይነት) ነው፣ እሱም ያው ትንሽ ክርክር፣ ሽሽታው ደሞ በግልጽ ጨመረ። ስሌቱ አልዋሸም።

ኦፒኤ1656ን ሳስገባ ግን ሌላ ጣጣ። በጣቴ ስነካው ሞቋል፣ ካለ ምንም ሲግናል። መውጫው ላይ የማይጠበቅ ዲሲ አለ። ድምፁ ይወጣል ግን የሆነ ሻካራ ነገር አለው። ስኮፑን በ10 እጥፍ ፕሮብ ሳየው (በ1 እጥፍ አትዩት፣ የፕሮቡ ኬብል 100 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሚጨምርበት የምታዩት ራሳችሁ የፈጠራችሁትን ነገር ሊሆን ይችላል) 3 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ቆንጆ ሳይን ዌቭ ቁጭ ብሏል። ኦሲሌት እያደረገ ነው፣ ማለት ካለ ሲግናል በራሱ እየጮኸ። ቺፑ ካለ ሲግናል መሞቁም ከአየር የመጣ ሳይሆን ከዛው ከቺፑ መሆኑን ይናገራል።

ይሄን ጠብቄው ነበር ማለት እችላለሁ። ቲኤል072 3 ሜጋኸርትዝ ቺፕ ነው (ጌይን ሲባዛ በባንድዊድዝ)፣ ኦፒኤ1656 ግን 53 ሜጋኸርትዝ። ማይነስ እግሩ ላይ የቺፑም የሶኬቱም የቦርዱም ትንንሽ ካፓሲታንስ ተደምሮ 10 ፒኮፋራድ ቢሆን ከ18ኬ ጋር 880 ኪሎኸርትዝ ላይ ፖል ይፈጥራል፣ ማለትም ፊድባኩ ከዛ በላይ እየዘገየ ነው የሚደርሰው። ቲኤሉ በጌይን 5.5 ላይ ጉልበቱ 545 ኪሎኸርትዝ ላይ ስለሚያልቅ እዛ ፖል ጋ ሳይደርስ ይደክማል። ፈጣኑ ግን እሱን አልፎ ሜጋኸርትዞች ውስጥ ይገባል፣ እዛ ላይ የዘገየ ፊድባክ ማለት ኦሲሌተር ማለት ነው። በዛ ላይ የድሮው ቦርዴ ላይ የፓወር ካፓሲተሮቹ ከቺፑ በጣት ርዝመት ርቀው ነው ያሉት፣ ለቲኤል ችግር የለውም፣ ለዚህ ግን ያ ሽቦ ኢንዳክተር ነው።

100ኬዋ ላይ 10 ፒኮ ሲ0ጂ (ካፓሲታንሱ የማይዋዥቅ ሴራሚክ) ካፓሲተር ደረብኩባት፣ ከአዳፕተሩ ስር ከ4 እና ከ8 ላይ ወደ ግራውንድ 100 ናኖ ካፓሲተር ቀጥታ በየዱልኩ። ወዲያው ጸጥ አለ፣ ቺፑም ቀዘቀዘ፣ ሻካራውም ድምፅ ጠፋ። እንደው በነገራችን ላይ፣ "ይሄ ቺፕ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ያኛው ሞቅ ያለ ነው" ሲባል የምትሰሙት ወሬ ውስጥ ስንቱ እንዲህ ሜጋኸርትዝ ላይ እየጮኸ የነበረ ቺፕ እንደሆነ አስባለሁ፣ ስኮፕ ሳይነካው ማን ያውቃል።

በነጋታው፣ የሬዚስተር ለውጥ

እንግዲህ መሄድ ያለብን ወዴት እንደሆነ ታወቀ። ሬዚስተሮቹን ማውረድ። ፖቱ 10ኬ፣ ፊድባኩ 2.2ኬ እና 470 ኦም፣ ጌይን 5.7። አሁን ኦፕአምፑ የሚያየው ትልቁ ሬዚስተር 2.5ኬ ነው፣ 6.4 ናኖቮልት፣ የፊድባኩ ፓራለል 390 ኦም ገደማ፣ 2.5 ናኖቮልት። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት፡ ኦፒኤ1656 8.1፣ ኦፒኤ1612 8.2፣ ኤንኢ5532 8.7። እዩልኝ እስቲ፣ ሰኞ ከ27 እስከ 58 ተራርቀው የነበሩ ቺፖች ዛሬ ጎን ለጎን ቆመዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው ኤንኢ5532 ከዘመናዊዎቹ ጋር ከግማሽ ዲቢ ትንሽ በልጦ ብቻ ነው የሚለያየው። ከመጀመሪያው 32 ጋር ሲነጻጸር ሁሉም 11 እና 12 ዲቢ ወረዱ ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ በደንብ የሚሰማ ነው።

ታዲያ ድሮ ለምን 100ኬ ይደረግ ነበር? ምክንያት አለው። 2.2ኬ ሲደመር 470 ማለት ለቺፑ መውጫ 2.67ኬ ሎድ ነው፣ ቲኤል072 ይሄን መሸከም ይችላል ግን ዲስቶርሽኑ ይጨምራል፣ ኖይዙም 19 ናኖቮልት ላይ ይቀራል። አዲሶቹ ግን (ኤንኢ5532ን ጨምሮ፣ እሱ 600 ኦም ለመንዳት ታስቦ የተሠራ ነው) 2.67ኬን ከቁብም አይቆጥሩትም። ለኔ የዘመናዊ ኦፕአምፕ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ዳታሺቱ ላይ ያለው ከነጥብ በኋላ አራት ዜሮ ያለው ዲስቶርሽን አይደለም፣ ትንንሽ ሬዚስተር እንድንጠቀም መፍቀዱ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። 390 ኦም ከ10 ፒኮ ጋር ፖሉ ወደ 41 ሜጋኸርትዝ ይሄዳል። ትናንት ኦሲሌት ያስደረገን ነገር በራሱ ጊዜ ከመንገድ ወጣ። ለጥንቃቄ 2.2ኬው ላይ 100 ፒኮ ሲ0ጂ አደርጋለሁ፣ 720 ኪሎኸርትዝ ላይ ይቆርጣል፣ ለሙዚቃ ምንም አይነካውም።

ነፃ ግን አይደለም። መግቢያው ላይ ያለው ካፓሲተር ከ100ኬ ጋር 0.22 ማይክሮፋራድ ነበር፣ 7 ኸርትዝ ላይ የሚቆርጥ፣ ከ10ኬ ጋር ያንኑ ለማግኘት 2.2 ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል፣ ፊልም ስለሆነ አካሉ ትልቅ ነው፣ ቦርዱ ላይ ቦታ ይበላል። ሴራሚክ ለምን አታደርግም የሚል ይኖራል፣ ኤክስ7አር ሴራሚክ በላዩ ላይ ባለው ቮልቴጅ ልክ ካፓሲታንሱ ስለሚቀያየር ሲግናል መንገድ ላይ ዲስቶርሽን ያመጣል፣ ለፓወር ብቻ ነው የሚሆነው። ከ22ኬዋ ጋር በሲሪስ የነበረችው 4.7 ማይክሮም በ470 ኦም 220 ማይክሮ ልትሆን ነው። እሷን ግን ሙሉ በሙሉ አወጣኋት፣ ኦፒኤ1656 ኦፍሴቱ (ካለ ሲግናል መግቢያው ላይ ያለው የዲሲ ስህተት) ቢበዛ 1 ሚሊቮልት ስለሆነ በ5.7 ተባዝቶ መውጫው ላይ ከ6 ሚሊቮልት አያልፍም፣ ቀጥሎ ያለው አምፕ መግቢያው ላይ ካፓሲተር ስላለው ግድ የለኝም። ከፕሪአምፑ በፊት ያለው ዕቃ ቲዩብ ከሆነ ደሞ 10ኬ ፖት ሊከብደው ይችላል፣ መጀመሪያ በፈር (ሳያጎላ ጉልበት ብቻ የሚሰጥ ደረጃ) ያስፈልጋል።

ቺፕ ምርጫው አለቀ፣ ኦፒኤ1656። ከሌሎቹ በኖይዝ ስለበለጠ አይደለም፣ እኩል ናቸው፣ ግን ከፖት በኋላ የሚቀመጥ ቺፕ ፌት መግቢያ ቢኖረው ያ ክርክር አይኖርም።

ቅዳሜ፣ ቦርዱ

አዲሱ ቦርድ ባለ ሁለት ገጽ ኮፐር ነው፣ የታችኛው ገጽ ሙሉ በሙሉ ግራውንድ። ከ2 እና ከ6 እግር ስር ብቻ ኮፐሩን ፋቅ አድርጌ አነሳሁት፣ እዛ ላይ ካፓሲታንስ አንፈልግም። የፊድባክ ሬዚስተሮቹ ገላቸው ከእግሩ ጋር እስኪነካካ ድረስ ቀርበዋል።

ኦፒኤ1656 በዲፕ (ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ ረጅም እግር አካል) አይመጣም፣ ኤስኦአይሲ (ቦርድ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ አካል) ነው፣ በእግሮቹ መሃል 1.27 ሚሊሜትር። መበየዱ የሚፈራውን ያህል አይደለም፣ ፍላክስ በደንብ ቀቡት፣ አንድ ጥግ ላይ ያለ እግር ብቻ በይዱና ቺፑ ቀጥ ማለቱን አይታችሁ አስተካክሉ፣ ከዛ የትይዩውን ጥግ፣ ከዛ የቀረውን። ሁለት እግር ቢያያዝ የሊድ መምጠጫ ሽቦ ከፍላክስ ጋር ያነሳዋል።

በነገራችን ላይ ኦፒኤ1612 በዲፕ አገኘሁ የሚል ካለ፣ ቺፑ አዳፕተር ላይ ካልተበየደ በቀር አትመኑት፣ እንደዛ አይሠራም፣ ሌላ ቺፕ ላይ ጽሑፉ የተቀየረ ነው። ቀላል ምርመራ አለ። ፓወሩ ላይ በሲሪስ 10 ኦም ሬዚስተር አድርጉና ካለ ሲግናል በላዩ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። ኦፒኤ1656 ሁለቱም ግማሽ አንድ ላይ 7.8 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚስብ 78 ሚሊቮልት፣ ቲኤል072 2.8 ሚሊአምፒር ስለሆነ 28 ሚሊቮልት። ውድ ነው ተብሎ የተሸጠ ቺፕ 28 ካሳየ ታሪኩ ያው ነው። ኤንኢ5532 8 አካባቢ ስለሆነ ከ1656ቱ በዚህ አይለይም፣ እሱን በባያስ ከረንቱ ትይዙታላችሁ፣ ፕላሱን በ1 ሜጋኦም ወደ ግራውንድ አድርጉና መውጫውን ከማይነሱ አገናኙት፣ ኤንኢ5532 ከሆነ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ታያላችሁ፣ ፌት ከሆነ ከኦፍሴቱ በላይ ምንም።

ፓወሩ ±15 ቮልት ነው፣ ኤልኤም317 እና ኤልኤም337 ሬጉሌተሮች፣ ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም። ከፖቱ ወደ ፕላስ እግር 100 ኦም፣ እዛው ወደ ግራውንድ 220ኬ (የፖቱ መሃል አንድ ቀን ንክኪ ቢያጣ መግቢያው እንዳይንሳፈፍ)። መውጫው ላይም 100 ኦም፣ ከፊድባኩ ውጪ፣ ኬብል በሜትር 100 ፒኮ ገደማ ስለሆነ 3 ሜትር ኬብል ቀጥታ መውጫው ላይ ከተጫነ ፈጣን ቺፕ አይወድም።

እሁድ፣ ልኬት

100 ሚሊቮልት 10 ኪሎኸርትዝ ስኩዌር ዌቭ አስገብቼ መውጫውን አየሁ፣ ጥጉ ንጹህ ነው፣ አንዲትም የምትንቀጠቀጥ ነገር የለም። መውጫው ላይ 1 ናኖ፣ ከዛ 10 ናኖ ካፓሲተር ጫንኩበት፣ ጥጉ ክብ ሆነ እንጂ አልጮኸም። ቺፑ ለብ ብሏል፣ በ±15 ሩብ ዋት ገደማ ስለሚበላ ይሄ ጤነኛ ነው።

ኖይዙን በሳውንድ ካርድ ቀጥታ መለካት አይቻልም፣ መውጫው ላይ ያለው ከ6 እስከ 7 ማይክሮቮልት ስለሆነ የካርዱ የራሱ ኖይዝ ይሸፍነዋል። ስለዚ በመሃል 100 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ቦርድ አስገባሁ፣ መግቢያውን ሾርት አድርጌ፣ ፖቱን ግማሽ ሲግናል የሚያሳልፍበት ቦታ ላይ አቁሜ፣ የድሮውንና የአዲሱን ቦርድ በየተራ። ልዩነቱ 11 ዲቢ ተኩል ሆነ። ወረቀቱ 12 ነበር ያለው፣ ግማሿ ከየት እንደገባች አላሳሰበችኝም።

ስለ ፍጥነት ለሚጠይቅ፣ 20 ኪሎኸርትዝ በ10 ቮልት ፒክ ለማውጣት የሚያስፈልገው ስልው ሬት (መውጫው የሚቀያየርበት ፍጥነት) 1.26 ቮልት በማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። በ1968 የወጣው 741 0.5 ስለነበረ ለዚህ አይደርስም ነበር፣ ኤንኢ5532 ግን 9 ነው፣ ይበቃል ይተርፋል። ኦፒኤ1656 24 መሆኑ ለሙዚቃ የሚጨምረው ነገር የለም።

ማዳመጡን ደሞ ሰው ከኋላ ሆኖ እየቀያየረልኝ፣ የሁለቱን ሌቭል በመልቲሜትር አመሳስለን ሠራነው። በኤንኢ5532 እና በኦፒኤ1656 መካከል ሙዚቃ ላይ ምንም መለየት አልቻልኩም። በድሮውና በአዲሱ ቦርድ መካከል ግን ዘፈን ሲያልቅ የሚሰማው ዝምታ ይለያል፣ አሁን ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ካልለጠፍኩ ሽሽታው የለም።

ሄድፎን

እዚሁ መውጫ ላይ ሄድፎን ልሰካ ወይ የሚለውን አሰብኩበት፣ ኦፒኤ1656 እስከ 100 ሚሊአምፒር ይሰጣል ተብሎ ተጽፏልና። 32 ኦም ሄድፎን ላይ 2 ቮልት ፒክ ማለት 62 ሚሊአምፒር ነው፣ ከረንቱ ይችላል። ሙቀቱ ግን አይችልም። በ±15 እያንዳንዱ ቻናል ከፓወሩ 600 ሚሊዋት ገደማ ይወስዳል፣ ሄድፎኑ ጋ የሚደርሰው 62 ሚሊዋት ብቻ ነው፣ ቀሪው ቺፑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ሁለት ቻናል ሲሆን ከ1 ዋት በላይ፣ ያቺን የምታክል ኤስኦአይሲ ላይ ከ100 ዲግሪ በላይ ጭማሪ ማለት ነው። አይሆንም። ለሄድፎኑ ለብቻው ቦርድ ይሠራለታል፣ በየቻናሉ አንድ ኤንጄኤም4556 (ብዙ ከረንት የሚሰጥ ኦፕአምፕ) በዲፕ፣ የአንዱ ቺፕ ሁለት ግማሾች መውጫቸው በ1 ኦም 1 ኦም ተጣምሮ፣ ፓወሩም ወደ ±12 ይወርዳል፣ ያኔ ቺፑ ካለ ሲግናል የሚበላው ሳይቆጠር በአንድ ቺፕ 400 ሚሊዋት ገደማ ይሆናል፣ ዲፕ ደሞ ያን ይሸከማል። መግቢያው ከዚህ ፕሪአምፕ መውጫ 100 ኦም በኋላ ይወሰዳል። ክፍሎቹ ሲሟሉ እቀጥላለሁ።